ያልተጣበቀው ክዳን

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለጌታሰው፤ ሰላምታዬ ካለህበት በጤና ያግኝህ። እኔና እማ ደብረ ማርቆስ ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ።

ባለፈው በፈቃድ መጥተህ ከካርቶን የሠራኸውን፣ የምትነዳውን የሚመስለውን ታንክ፣ ቀለም ቀብቼ ጨረስኩልህ። እንዳልከኝ መጀመሪያ አረንጓዴ ቀባሁት። ከዚያ በቲነር ያቀጠንኩትን ጥቁር በየስንጥቁ አፍስሼ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግሁ። ፈዘዝ ባለ ቀለም፣ በደረቅ ብሩሽ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሳነካካው ካርቶኑ ብረት መሰለ። ሰንሰለቱን በጓሯችን ጭቃ ለቀለቅሁት።

ያስቸገረኝ የጭሱ ጥላሸት ነው። ጭስ ማውጫው አጠገብ ጥቁር ነካ ሳደርግበት እማ ሳይደርቅ በነጠላዋ ጠረገችው። «ታንክ ሁሉ ያጨሳል እኮ» ብላት «የልጄ አያጨስም» ብላ ተቆጣችኝ። ሦስቴ ቀባሁ፣ ሦስቴ ጠረገች። ነጠላዋ ጠቁሯል፤ ልጠበው ብላትም እምቢ አለች።

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። መልስህ የሚዘገየው መንገዱ እየተዘጋ ነው እንላለን። መጻፍ ባይመችህ ስምህን ብቻ ወረቀት ላይ አስፍረህ ለሚመጣ ሰው ስጥልን።

የታንኩን የላይኛውን ክዳን፣ አንተ የምትገባበትን፣ በማስቲሽ አጣብቂው ብለኸኝ ነበር። ይቅር በለኝ፣ አላጣበቅሁትም። እማ ጠዋት ጠዋት ትከፍተውና ውስጡን ታያለች።

እመብርሃን ትከተልህ።
እህትህ ፅጌ