ከሐኢል የመጣችው ጂፕ

እሑድ

መጣች። ከሐኢል ከተማ ድረስ በመጫኛ መኪና ላይ ተጭና፣ አቧራ ጠጥታ፣ የፊት ግራ ፍሬቻዋ ተሰብሮ መጣች። ማማ ኑራ በር ላይ ሆነው ሲያዩዋት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሸጡላቸው ሰውዬ የሟች ባላቸው ዘመድ ናቸው። «አቡ ፈይሰልም ልክ እንዲህ ያለች ጂፕ ነበረችው» አሉ ማማ፣ ባላቸውን አስታውሰው።

ልጃቸው ፈይሰል ግን አልተደነቀም። ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፣ ኮፈኗን ከፍቶ መልሶ ዘጋ። «ዩማ፣ ይቺ የተሽሊሕ ናት» አለ። ተሽሊሕ አሮጌ መኪና እየተፈታታ የሚሸጥበት ገበያ ነው። እናቱ ፊት እንዲህ ይባላል?

ቀጥሎ ፍርዱን ሰጠ። እስከ ሐሙስ ምርመራውን አልፋ ኢስቲማራዋ፣ ሊብሬ የምንለው፣ በማማ ስም ከዞረ፣ ይሁን። ካልሆነ ትሸጣለች፤ ለእናቱ እርሻ መንገድ ከነመኪናው ወንድ ሹፌር ከሹፌር ቢሮ ይመጣል። «ሁለት ሹፌር ደግሞ አልቀጥርም። ራሒማ ወደ ማድቤቷ ትመለሳለች።» ይህን ሁሉ ሲል አጠገቡ ቆሜአለሁ። ማድቤቷ አለ፤ ከእናቴ የወረስኩት ይመስል።

ሳዑዲ ከመጣሁ ለዓመታት የዚህን ቤት ሽንኩርት ከትፌአለሁ። አልጠላሁትም፣ ግን በቃኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አምና ነው፤ ትምህርት ቤት የላኩኝ ማማ ኑራ ናቸው። «ወንድ ሲነዳኝ ከኋላ እንደ ጆንያ መቀመጥ ሰለቸኝ» ብለው። ከእኔ ጋር ከፊት ይቀመጣሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ዘመዱን ሁሉ እያነሱ ያማሉ። በትንሿ መኪና ሰፈራችንን ራውዳን ከዳር ዳር፣ ሐኪም ቤቱንም ገበያውንም አደርሳቸዋለሁ። የማልደርስበት የተምር እርሻቸው ብቻ ነው። የመንገዱ መጨረሻ አሸዋ ነው፤ ባለፈው ብርድ የቀድሞው ሹፌር ትንሿን መኪና እዚያ ቀብሯት በትራክተር ተጎትታ ነው የወጣችው። ጂፕዋም የተገዛችው ለዚያ ነው።

የሚያስፈልገው፦ ፍሬቻ። ፈሕስ፣ ማለትም አገር ቤት ለቦሎ የሚደረገው ዓይነት ምርመራ። ኢንሹራንስ በማማ ስም። ሻጩ በስልካቸው «ሸጫለሁ»፣ ማማ በስልካቸው «ገዝቻለሁ» ማለት። ከዚያ ኢስቲማራው በማማ ስም ይወጣል።

የፈሕስ ቀጠሮ ለማክሰኞ አገኘሁ። ማድቤት አልመለስም። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኞ

ማማን ቁርስ አቅርቤላቸው ጂፕዋን ጋራዦቹ ወዳሉበት ሰፈር፣ ወደ ሺፋ ነዳሁ። ሻጩ ከሐኢል ሆነው በስልካቸው የመንዳት ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ እሱም የሚያገለግለው እስከ ሐሙስ ነው። መሪው ይከብዳል፣ ትከሻዬን እስካሁን ያመኛል። ግን ከፍ ብሎ መቀመጥ ወላሂ ደስ ይላል። ትናንት በትንሿ መኪና ሳለሁ በጡሩንባ ሲያካልቡኝ የነበሩት ሁሉ ዛሬ መንገድ ለቀቁልኝ።

ሐሰን ሺፋ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ እዚያም ጋራዥ ነበር፣ እዚህም ጋራዥ። ከጂፕዋ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየና ወጣ። «እህቴ፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው። የሸጡላችሁ ሰው አልበደሏችሁም» አለ። ልቤ መለስ አለ። ፍሬቻውን ቀየረ፣ ፍሬኑን አየ፣ መሪዋን ነቀነቀ።

ኸላስ፣ አለቀ ብዬ ልሄድ ስል ግን አስቆመኝ። እንዲህ ዝጋ፣ እንዲህ አመድ መስላ ነው ወይ ለምርመራ የምትቀርበው አለኝ። እውነቱን ነው። አገር ቤት መኪና ለቦሎ ሲቀርብ መጀመሪያ ይታጠባል፤ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ ቀጥኖ ከሥር ይረጭበታል። ዝገቱ ይሸፈናል፣ ብረቱ ያብረቀርቃል፣ መርማሪውም ባለቤቱ ይንከባከባታል ብሎ ያስባል። የአጎቴ የጭነት መኪና ያለዚያ ቀርባ አታውቅም።

ሐሰን ረጨ። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ሻንሲውን፣ አንድም ቦታ አልቀረው። እኔም ዝም ብዬ አልቆምኩም፤ አጎንብሼ «እዚህ ጋ ቀርቶሃል፣ ያን ጥግ ድገመው» እያልኩ አሳየሁት። ስትወጣ ከሥር እንደ ሙሽራ ጫማ ታበራለች።

ቤት ስገባ ማማ ኑራ «ምን ይሸታል?» አሉ። ንጽህና ነው አልኳቸው።

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

የፈሕሱ ሰልፍ ረጅም ነበር፣ አልከፋኝም። መስታወቴን አስተካክዬ፣ ሻሼን አጥብቄ ጠበቅኩ። መብራት አለፈ። ፍሬን አለፈ፣ ያውም በደንብ። ከዚያ ጉድጓዱ ላይ አቆምኳት። ከታች ያለው መርማሪ ወጣት ሳዑዲ ነው፣ ጓንት ያደረገ። ቀና ብሎ አየ። እንደገና አየ። ከዚያ ወጥቶ ጣቱን አሳየኝ፤ ጥቁር ሆኗል፣ ይንጠባጠባል።

ዘይት ነው አልኩት። በኩራት።

ከየት ነው የሚፈሰው አለኝ። ኧረ አይፈስም፣ እኛ ነን የቀባናት አልኩ። ሰውየው ዓይኔን አየ። «ማነው መኪና ዘይት የሚቀባ?» በአገራችን ለክብር ነው ልለው ስል አረብኛዬ ከዳኝ። ብቻ «ለውበት» አልኩት። ባልደረባውን ጠራው። ባልደረባው ሌላ ጠራ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩልኝ። እኔ እዚያው መሪው ላይ እንደተቀመጥኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

የወደቀችበት፦ ዘይት ከሞተር ያፈሳል። ከካምቢዮ ያፈሳል። ከኋላ አክስል ያፈሳል። የሻንሲ ቁጥሯ በዘይት ተሸፍኖ አይነበብም። የሁለቱ የፊት በሮች መስታወት ላይ ያለው ጥቁር ላስቲክ ከተፈቀደው በላይ ጠቁሯል።

ከግቢው ወጥቼ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት። ያቺ ጤነኛ መኪና በገዛ እጄ በሽተኛ መስላ ቀረበች።

ለሐሰን ደወልኩ። «ወላሂ እህቴ፣ ኮምቦልቻ በዚህ ሥራዬ ሰው ሲመርቀኝ ነበር» አለ። እዚህ ግን እኔን ወደ ማብሰል ሊመልሰኝ ነው አልኩት። ሳቅ መጣበት፣ እኔም ሳቅኩ፤ ግን ደስ ብሎኝ አይደለም።

ማታ ፈይሰል ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ የሹፌር ቢሮውን ገጽ አሳየኝ፤ ከነመኪናው፣ ጺሙ የተስተካከለ ሰውዬ። ነገ ሌላ ቀን ነው አልኩት። ለሐሙስ ጠዋት ሌላ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ረቡዕ

ሐሰን ከሥራው አስፈቅዶ ቀርቷል። በእንፋሎት የሚያጥቡበት ቦታ አብረን ወሰድናት። አጣቢዎቹ ከሥር ሲያዩዋት የት ወድቃ ነው አሉ። እኔ ዞር አልኩ፣ ሐሰን ይመልስላቸው።

አንዴ አጠቧት፣ አልለቀቀም። ሐሰን ራሱ በሳሙናና በብሩሽ ገባ። ፊቱ፣ አንገቱ፣ ጆሮው ሁሉ ጠቆረ። እኔም አባያዬን ሰብስቤ የሻንሲ ቁጥሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። ቁጥሩ ሲወጣ አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩት። ልክ ነው። እሰይ።

ከደረቀች በኋላ ሐሰን ጠራኝ። ካምቢዮው ሥር አንዲት ጠብታ። አበሰው፣ ጠበቅን፣ እንደገና አንዲት ጠብታ። ይቺ የእውነት ናት። ሰኞ በአቧራው፣ ከዚያም በቀባነው ዘይት ውስጥ ተደብቃ ኖሮ አላየናትም። ሐሰን ግን አልተረበሸም፤ የዘይት መዝጊያዋ ጎማ ደርቃ ነው፣ ትቀየራለች አለ። ሺፋ ተመልሰን ቀየራት። ሻይ ልግዛልህ ብለው እጁን አወናጨፈብኝ። «መጀመሪያ እለፊ፣ ከዚያ ምሳ ታበይኛለሽ።» ቁጭ ብዬ ያቺን ቦታ ሳያት ቆየሁ። ደረቅ።

ቀረ ላስቲኩ። ይህ ደግሞ ከዘይቱ የከፋ ነው፤ ማማ ኑራን ማስፈቀድ አለ። ቤት ገብቼ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። መንገደኛው ሁሉ ሊያየኝ ነው ወይ አሉ። የኋላው ይቆይልዎታል፣ ከኋላ መቀመጥ ይችላሉ አልኳቸው። ይህን ስል እኔንም ከፋኝ። ከኋላ የሚቀመጡ ከሆነማ ማንም ቢነዳቸው ምን ለውጥ አለው?

የተስቢሕ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። ፈይሰልም ሶፋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ኒቃብ አለኝ። መስታወቱን ደግሞ ምን አከናነበው?» ፈይሰል ከስልኩ ቀና አለ። ማማ አላዩትም። «ያላ ራሒማ፣ አንሺው።»

እኔው በፀጉር ማድረቂያና በቢላ ላጥኩት። አውራ ጣቴ ተቆረጠ። ምንም አይደል።

ሐሙስ

የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን ሰገድኩ። ዱዓዬን አድርጌ ወጣሁ።

ያው መርማሪ። አወቀኝ። «ዛሬስ ምን ቀባሻት?» አለ። ውሃ ብቻ አልኩት። ጉድጓድ ውስጥ ገባ። መብራቱን እዚህም እዚያም አበራ። ካምቢዮው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጓንቱን አውልቆ በባዶ ጣቱ ዳሰሰ፣ ጣቱን አየ። ከዚያ እጁን አውለበለበና ሂጂ አለኝ።

አለፈች። አለፈች። ወረቀቱን ይዤ መኪናው ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ሰዉን አፍሬ በሆዴ አልኩት። ለሐሰን ደወልኩ፣ ጋራዡ ውስጥ ጮኸ።

ግን አላለቀም። ኢንሹራንሱ በቀላሉ ወጣ። የባሰው ሻጩ ናቸው፤ ገና በስልካቸው «ሸጫለሁ» አላሉም። ከዙህር ሶላት በኋላ ብደውል አያነሱም። ማማ ቢደውሉ አያነሱም። ከምሳ በኋላ ይተኛሉ አሉ ማማ። የዐስር ሶላት ደረሰ፣ አያነሱም። ፈይሰል ሳሎን ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል፣ አይገፋፋም፣ አያግዝም። ማማ ኑራ በመጨረሻ ለሰውየው ሚስት ደወሉ። «ባልሽን ቀስቅሺልኝ፣ ካልሆነ ሐኢል ድረስ መጥቼ እኔው እቀሰቅሰዋለሁ።» ብዙም ሳይቆይ ማጽደቂያው መጣ።

አሁን ደግሞ የማማ ተራ። ስልካቸው ላይ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ሊያነቡልኝ ስልኩን ከፊታቸው አርቀው ያዙ። ተሳሳቱ። ሌላ ቁጥር መጣ። ያንንም ተሳሳቱ። መነጽራቸው ራሳቸው ላይ ነው፣ ቤቱን ሁሉ እናስሳለን። ሦስተኛው ሲመጣ ፈይሰል ተነሳ። ሊያስቆመን ነው ብዬ ደነገጥኩ። መነጽሩን ከራሳቸው ላይ አንስቶ ዓይናቸው ላይ አደረገላቸውና ቁጥሩን አብሯቸው አነበበ።

ኢስቲማራው ወጣ። በማማ ኑራ ስም፣ ከነታርጋ ቁጥሯ። ፈይሰል «መብሩክ ዩማ» ብሎ ግንባራቸውን ሳመ። ከዚያ የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ቆሞ ሲጽፍ ቆየ። የእኔ ስልክ ጮኸ። አነበብኩት፤ የአረብኛ ፊደል ገና እየቆጠርኩ ነው፣ ስሜን ግን አውቃለሁ። መኪናይቱን እንድትነዳ የተፈቀደላት፦ ራሒማ። ፈይሰል ወደኔ ሳያይ «ዩማ ፍጥነት አትወድም፣ ወገቧን ያማታል» አለ። እሺ አልኩ። ማድቤት ገብቼ የቧንቧውን ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ማማ ኑራ ዕቃቸውን እያስጫኑ ነው። ነገ ጁምዓ ነው፤ ከሱብሒ በኋላ እርሻ እንሄዳለን። ምንጣፍ፣ የፍየል ሥጋ፣ ሁለት ትራስ። ለእህታቸው ደውለው «ራሒማ ናት የምትነዳኝ፣ አሸዋውን እንደ አስፋልት ታደርገዋለች» ሲሉ ሰማሁ።

አሸዋ ላይ ነድቼ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።