ዛፉ ቀድሞ መጣ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ጥዱ መጣ፤ ወንድሜ ይበልጣል ግን የለም።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ አንድ የማላውቀው አይሱዙ በራችን ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ጥዱን ከጭነቱ አናት ፈትቶ አወረደልኝና «ወንድምሽ ነው የላከው፤ እሱ አይከል ከተማ ቀርቷል» አለኝ። የመኪናው ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ ተሰብሮበት ነው። ጥዱ አብሮት ቆሞ እንዳይደርቅ ብሎ አስቀደመው። ሰውየው ውኃ እንኳ አልጠጣም። ሳይመሽ ኮኪት መድረስ አለብኝ ብሎ ሄደ።

እዚህ ቆላ ጥድ የለም። ነገሩን የጀመረው አባቴ ነው። ከደጋው ከወገራ ወደዚህ ወደ ገንዳ ውሃ ለእርሻ ሲወርዱ እማ አገሯ እየናፈቃት ታለቅስ ነበርና ለገና አንድ የጥድ ቅርንጫፍ አመጣላት። እሱ ከሞተ ወዲህ ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ወርሶታል። ሰሊጥ ጎንደር ያራግፍና ሲመለስ ጥዱን አናቱ ላይ አስሮ፣ ክላክሱን ከሩቅ እያስጮኸ ይገባል።

በሌላው ዓመት እማ ፊቷን ቅርንጫፉ ውስጥ ከትታ «ወገራ ሸተተኝ» ትላለች። ዛሬ አልተጠጋችውም። «የሰው ዕቃ ከሰውየው ቀድሞ ሲገባ አልወድም» አለችና ጓሮ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው።

ይበልጣልን በስልክ አገኘሁት። ይሥቃል። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ጋቢ ተውሼ ነው ያለሁት አለ። የሚገጥም ባሌስትራ እዚያ አጥቷል። መንገዱ እንዴት ነው ስለው ወሬ ለወጠ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ጋሼ ደምስን ላክኋቸው።

አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው፤ የከባድ መኪና መካኒክ። ጋራዣቸው ውስጥ ከወደቀ አይሱዙ ላይ የተፈታ ባሌስትራ ነበራቸው። ዕቃውን ብቻ በሰው መላክ ይቻል ነበር። እኔ ግን «ጋሼ፣ እርስዎ ካልገጠሙት አይሆንም። ለገና ቤቱ ያስገቡልኝ» አልኳቸው። እጃቸውን በናፍጣ ታጠቡ። ከዚያ «እናትሽ ብዙ አብልታኛለች» ብለው ተነሡ።

ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ ነበር። «ሰው የሚሸሸውን መንገድ አንተ ትወጣዋለህ?» አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ምነው በሰደበችኝ።

ሰሞኑን መምህራን ክፍል ውስጥ ወሬው ሁሉ መንገዱ ነው። ማን ታገተ፣ ማን ተለቀቀ፣ የማን ድምፅ ጠፋ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ በር በተከፈተ ቁጥር ዝም ይላሉ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ተገጠመ! ይበልጣል ደወለ፤ ጋሼ ደምስም ስልኩን ተቀብለው «ነገ በጠዋት እንነሣለን። ሽሮ ሥሩልን» አሉ። እትዬ ጥሩን በአጥሩ በኩል ተጣርቼ ነገርኳት። ትንሽ ፈገግ አለች።

እማም ለዘበች። ጥዱን ጥግ ላይ አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ አቆምነው። የጋሼ ደምስ ልጅ ቤዛ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ልታስጌጥ መጣች። ያለንን ሁሉ ሰቀለችው፦ የተቃጠሉ አምፖሎች፣ የጠርሙስ ቆርኪዎች፣ የብስኩት ወረቀት፣ ከመተማ ዮሐንስ የተገዛው ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት። መጨረሻ ላይ ጥጥ። ጥጡ ከእርሻ የመጣ ስለሆነ ፍሬው አልወጣለትም።

«በረዶ እንዲህ ነው?» አለች።

«በረዶውን እንጃ፤ እኔ የማውቀው ውርጭ ነው» አለቻት እማ። «ጠዋት ስትነሺ ሣሩ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ስትረግጪው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።»

ቤዛ በላብ ረጥባ ሣቀች። ከቀትር በኋላ ቤታችን ምድጃ ነው። ጥዱ ከአሁኑ ቅጠሉን ማራገፍ ጀምሯል፤ በጠረግሁ ቁጥር እንደገና መሬቱ ይሞላል። ወደ ምሥራቅ፣ በመንገዱ በኩል፣ ሣር እየተቃጠለ ነው መሰል ጭስ ይታያል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይበልጣል ደውሎ «ተነሥተናል» አለ።

አምስት ሰዓት ላይ የሁለቱም ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ኔትወርክ ነው ተባባልን። ስድስት ሰዓት። ስምንት ሰዓት። እማ ሽሮውን አሞቀችው፤ ቀዘቀዘ። እንደገና አሞቀችው።

መናኸሪያ ሄድኩ። ከቀትር ወዲህ ከጎንደር በኩል አንድም መኪና አልገባም። ባጃጆቹ በሩ ላይ ባዶ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ከሌላው ቀን በተለየ አይቀላለዱም። አንዱን «ምን ሰማችሁ?» አልኩት። «ምንም» አለና ፊቱን አዞረ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ሰሌዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ አላረሙኝም። የእኛን ነገር ሁሉም ሰምተዋል ማለት ነው።

በዕረፍት ሰዓት ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። አንድ ሚኒባስ ገብቷል። ሾፌሩ ከአይከል የሚወርደው ቁልቁለት ግርጌ አንድ አይሱዙ አይቷል፦ ሁለቱም በር ክፍት፣ የፊት ጎማው ተንፍሷል፣ ሰው የለም።

«መስተዋቱ ላይ የገብርኤል ሥዕል አለው?»

«ያለው መሰለኝ። እህቴ፣ እዚያ ቦታ ማን ቆሞ ያያል?»

የገብርኤል ሥዕል የሌለበት መኪና የት አለ? እንዲህ እያልኩ ራሴን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሰው ልከናል፣ ጠብቁ አሉኝ።

ለእትዬ ጥሩ መንገር የእኔ ድርሻ ነበር። ልብስ እያጠፈች ነገርኳት። ማጠፏን አላቋረጠችም። የጋሼ ደምስን ሸሚዝ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አለች።

ቤዛ የዛፉን መብራት አብሪልኝ ብላ መጣች። ኃይል የለም ብዬ ዋሸኋት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ይበልጣል መጣ! ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በባጃጅ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደግፎት። እግሩ አብጧል። ፊቱን ግራር ቧጭሮታል።

እማ እግሩ ሥር ተደፋች። ቀና ብላ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ወደ አጥሩ አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ውኃ ሰጠነው። እየቆራረጠ ነገረን። ቁልቁለቱን እንደጨረሱ ጎማው በጥይት ተመታ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከሁለት በኩል መጡ። «በየበራችን ዘለን ወረድን። እኔ ወደ ወንዙ፣ እሳቸው ወደ ማሽላው። ከዚያ ሁለት ጥይት ሰማሁ። ወደ ኋላ አላየሁም።» ገበሬው ጎተራ ውስጥ ደብቆት፣ በማግሥቱ በውስጥ መንገድ ይዞት ወጣ።

«ጋሼ ደምስስ?» አልኩት።

ከኋላዬ ያለውን እያየ ነበር። ዞር ስል እትዬ ጥሩ የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች። መቼ እንደገባች አላየንም።

«ሮጦ ነበር?» አለችው።

«ሮጠዋል፣ እትዬ።»

«እሱ እኮ ጉልበቱን ያመዋል» አለች።

ረቡዕ፣ ገና

ዶሮው እንደታሰረ ነው። ማንም እረደው አላለም። ከቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይሰማል፤ የጎረቤት ልጆች በአዲስ ልብስ ያልፋሉ። ይበልጣል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ጠዋት ተነሥቶ ጥዱን አውጥቶ ሊጥለው ነበር፤ ቤዛ «አባዬ አላየውም!» ብላ ጮኸችበትና ተወው።

እማ ሽሮውን ይዛ፣ እኔ እንጀራውን ይዤ እነ እትዬ ጥሩ ቤት ሄድን። ይበልጣልም እያነከሰ ተከተለን። እትዬ ጥሩ ከእሑድ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የእንጀራውን ሳሕን ፊቷ አስቀመጥኩ። እሷው ቀድማ ተናገረች፦ «አንቺ ባትለምኚውም ሌላ ሰው ቢለምነው ይሄድ ነበር።» ይቅር ማለቷ ይሁን፣ ባሏን ማማረሯ ይሁን አልገባኝም።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር። ስልኩን ለእኔ ዘረጋችው። «አንቺ አንሺው።»

«የመካኒኩ ቤት ነው?» የወንድ ድምፅ፤ የተረጋጋ ነው፤ ከኋላው ነፋስ ይሰማል።

«አዎ።»

«ሚስቱ ነሽ?»

እትዬ ጥሩን አየኋት። «ነኝ» አልኩ።

«ስልክሽን እንዳትዘጊ። እንደውላለን።» ዘጋው።

የተባለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ይበልጣል ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ሞተው ቢሆን ማን ይደውላል? በሕይወት አሉ፤ አጋቾቹ ጋ ናቸው፤ ገንዘብ ሊጠይቁ ነው» አለ። እማ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ጀመረችና መሀል ላይ አቆመች። በዚህ ማመስገን ይገባ አይገባ አላወቀችም።

እትዬ ጥሩ ሳሕኑን ወደ ራሷ ሳበች። እንጀራውን ቆርሳ ጎረሰች። ሥራ እንደያዘ ሰው እስኪያልቅ በላች። «ሲደውሉ አቅም ያስፈልገኛል» አለች።

ይህን የምጽፈው እዚያው እሷ ቤት ሆኜ ነው። ስልኩ መሀላችን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቤዛ እናቷ ጭን ላይ አንቀላፍታለች።

እስካሁን አልደወሉም።