የአቶ ዴቅ ባዶ ወንበር

ይድረስ ለውድ ልጄ ለኢልዋድ። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ጤናና ሰላም አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። ቀብሪበያ ዝናብ ስለጣለ የአክስትሽ ፍየሎች ወተት ይዘዋል። ወንድምሽ ጅብሪልም ፈተናውን አልፏል።

በኢንተርኔት የምታስተላልፊውን ዝግጅት ተመለከትኩ። የምክር ቤት ባልደረባዬ አቶ ዴቅ ለደምበል ወረዳ የውሃ ጉድጓድ ያቀረብኩትን ሐሳብ ስለተቃወሙ፣ ለእናትሽ ተቆርቁረሽ መናገርሽ ገብቶኛል። ነገር ግን «ከሃዲ» ብለሽ የቤታቸውን በር ካሳየሽ ወዲህ ቤታቸው በድንጋይ ተደብድቧል። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሄድ አቁመዋል፤ እሳቸውም ከስብሰባ ቀርተዋል።

ዓርብ ዕለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። በባህላችን ለሰዳቢ የሚጠየቁት ዘመዶቹ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። አባትሽ ግመል ለካሳ አዘጋጅቶ ነበር፤ አዛውንቱ ዋርሳሜ ግን «ግመሉ ይቅርብን፣ ወይዘሮ ባቱሎ። ስድቡን የሰማው ሕዝብ ግመሉን የት ያየዋል?» አሉኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ የበራቸውን ምስል ከኢንተርኔት አጥፊ። ይቅርታውንም በስልክ ሳይሆን፣ በዚያው ዝግጅትሽ ላይ፣ በዚያው ድምፅሽ ተናገሪ። ተመልካቾችሽም ከአቶ ዴቅ ቤት እንዲርቁ ንገሪያቸው።

አቶ ዴቅ በሽማግሌዎቹ በኩል «ልጅዎ ይቅርታ የጠየቀች ዕለት እመጣለሁ፤ በጉድጓዱም ጉዳይ አሸንፍዎታለሁ» ብለው ልከውብኛል። በምክር ቤቱ ከፊት ለፊቴ ያለው ወንበራቸው እስካሁን ባዶ ነው። መጥተው ይሞክሩኝ።

አላህ አንደበትሽን ያለዝብልሽ፤ በሰላም ለዓይናችን ያብቃሽ።

እናትሽ ባቱሎ
ጅግጅጋ