ውሃ ይይዛል

ለውድ እህቴ ለድንቅቱ፣

አካም ጂርታ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? የባለቤትሽ የዮአብ ወገብ ተሻለው? ልጃችሁ ጂጂስ፣ ያ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ከመሰንበቱ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ተፍኪ ያለችው እናታችንም ደህና ናት። ሜዳው እንደ ክረምት ልማዱ ውሃ ተኝቶበታል፤ የድንቅቱን ጀልባ ለምን እዚህ አታመጣልኝም፣ ገበያ እሄድባታለሁ እያለች ትቀልድብኛለች።

ሹፌሩ ከድሩ መኪናውን ባዶ ይዞ ሲመጣ እንዳትደነግጪ። ይሠራልኝ ብለሽ የላክሽልኝ ጀልባ አልጠፋችም፤ እዚሁ ሰበታ፣ ወርክሾፓችን ውስጥ ወለሏ ተገንጥሎ ተቀምጣለች። ከድሩ የሚሰጥሽን ፌስታል ግን ይህን ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው፣ አደራ። በስልክ ያልነገርኩሽ መስመሩ ሲቆራረጥ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹን በራስሽ እንደምትሞዪው ስለማውቅ ነው።

ወለሏ ስትረግጪው እንደ ፍራሽ ይሰረጉድ የነበረው ዮአብ የፀሐይ ጥላውን ብረት ሲያስር በበሳቸው የብሎን ቀዳዳዎች የተነሣ ነው። ከላይና ከታች ፋይበር ግላስ ነው፣ መሃሉ ግን ኮምፔንሳቶ ነው፤ ውሃው በቀዳዳው ገብቶ እንጨቱን አበስብሶታል። አትቆጪው፣ ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። የበሰበሰውን ቆርጠን አወጣን፣ አዲስ እንጨት አስገባን፣ ላዩን በፋይበርና ሬዚን በሚባለው ማጣበቂያ ደራርበን ሸፈንነው። እስከዚህ ጥሩ ነበር።

አለቃዬ ኦቦ ነገሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ታንከር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ታንከር ሲያልቅ ውሃ ይሞሉበትና ምሳቸውን ሊበሉ ይሄዳሉ። ተመልሰው ከሥሩ ጠብታ ካላዩ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው "ውሃ ይይዛል" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ጀልባሽንም እንደዚያው አደረጓት። የብሎኖቹ ቀዳዳ ገና ሳይደፈን ጎማውን ከቧንቧ ስበው እስከ አፏ ሞሏት። ከሰዓት ቢያዩ ከሥር ጠብ ያለ ነገር የለም። ውሃ ይዛለች አሉ፤ እኛም አጨበጨብን። ለታንከር ምርቃት የሆነው ቃል ለጀልባ እርግማን መሆኑን ማናችንም አላሰብንም።

ውሃውን ቀድተን አፈሰስን፣ ቀዳዳዎቹን ደፈንን፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባኋት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጣሁ። ከፊት በኩል ስረግጣት ጭቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደግሜ ስረግጣት ደግሞ የለም። ሥራዬን እያቋረጥኩ እየተነሣሁ እረግጣታለሁ። ፉሪ ዕቃ አድርስ ተብዬ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ለኦቦ ነገሳ ብነግራቸው ክረምት ነው፣ የረጠበው ጫማህ ነው አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ ረገጥኳት፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔ የሚታየኝ ለመስቀል የሚመጣውን እንግዳ ጭነሽባት ጫሞ መሃል ስትደርሺ ነው። እዚያ ወለል ቢከዳሽ ከሥር የሚጠብቅሽ ውሃው ብቻ አይደለም፣ አዞው አለ።

ከድሩ ሊጭናት መጥቶ ገመዱ ሁሉ ተወርውሮ ነበር። እኔ ግን ቆይ አልኩት። ወጣሁና ትራፓኖውን አንሥቼ በገዛ እጄ የቀባሁትን ቀለም በሳሁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ኦቦ ነገሳ ሊቆጡኝ ሲቃጡ በእግሬ ጫን አደረግሁት፤ ለሙከራ የሞላነው ውሃ በቀዳዳው ብቅ አለና ፈሰሰ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት።

"ያ ጂሬኛ" አሉኝ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ እንዲይዝ ነው የሠራሁት። እንዳይዝ ማን አስተማረኝ?"

ከዚያ ግራይንደሩን ራሳቸው አንሥተው መቁረጥ ጀመሩ። ከድሩም ገመዱን ጠቀለለ።

እህቴ፣ ለመስቀል አትደርስም። ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነው እስከዚህ ያዞርኩሽ። በዚህ ዝናብ እንጨት ቶሎ አይደርቅም፣ ሬዚኑም እርጥብ ላይ አይዝም፤ ብንቸኩል ደግሞ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሆንብናል። የመስቀል ሰሞን ሥራ ለቤታችሁ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱን ሳስብ እበሳጫለሁ፣ ተነሥቼ እንጨቱን እዳስሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ምክንያቴ ውሃ ያነሳ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ።

ዮአብን ሰላም በይልኝ፤ ብሎን ከማንሣቱ በፊት ይደውልልኝ። አማትሽን እማማ ጣቢታን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ጂጂን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። የበሳሁት ቦታ እሷ ሁልጊዜ እግሯን ዘርግታ የምትቀመጥበት ነው፤ ቦታዋን ለማንም እንዳትለቅ ንገሪያት።

አሁን ፌስታሉን ፍቺው። የምታገኚው ቁራጭ እንጨት አዲስ ነው ብለን ያስገባነው ነው። በጣቶችሽ ጨምቂው። ከዚያ በኋላ ልትቆጪኝ ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

ወንድምሽ ጂሬኛ
ሰበታ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.