እናቴን ድንጋይ ያሸከመ መስመር

ለንጋት የቤት ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት
የቡሬ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
ለተከበሩ አቶ ክንፈሚካኤል እጅጉ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና ቢሮዎ ውስጥ ሳይቆራረጥ የሚሠራውን መስመርዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከእፍረት በቀር የያዘን በሽታ የለም።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በአደባባይ ስለተዋረድን ነው። ለሥራዎ እንዲያመችዎም ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ባለሙያዎችዎ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ የፋይበር መስመር እንደሚገባለት ነግረውን ተዋዋልን። ፋይበሩ ግን መንገድ ዳር ካለው ምሰሶ አላለፈም። ከምሰሶው ወደየቤታችን የገባው ሰፈሩ በሙሉ የሚጋራው አንድ ኬብል ነው፤ አመሻሽ ላይ ሁሉም ሲከፍተው ለማንም አይበቃም። ኬብል መጋራት ነውር አይደለም። የጋራውን የግል ነው ብሎ መሸጥ ግን ምን እንደሚባል ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል።

፪. ጎረቤቶቻችን መስመሩ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ሊጠይቁ ቢሮዎ በመጡ ጊዜ፣ የእናቴ የወይዘሮ እህተ ማርያም ቤት አብዝቶ ስለሚጠቀም ነው ብለው ስለመለሱላቸው አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከቤት ሆኜ በቪዲዮ እማራለሁ። የተዋዋልነውን ፍጥነት ግን አንድ ቀን እንኳ አግኝቼው አላውቅም። ጎረቤቶቻችን የመስኖ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁት የጋራ ነገር የውሃ አባት በተራ የሚያደላድለው የቦይ ውሃ ነው። ከላይ ያለው ከጠለፈው የታችኛው ማሳ ይደርቃል። ስለዚህ እናቴ የሰው ተራ ጠላፊ ተብላ ለሽማግሌ ተከሰሰች። አልፈርድባቸውም፤ ቦዩ ከመነሻው ጠባብ መሆኑን የነገራቸው የለም።

፫. ላስረዳ ስነሳ፣ ልጅ በሽማግሌ መካከል አትገባም ተብዬ ተቀመጥሁ። በመማሬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በዕድሜዋ የሰው ድንበር ገፍታ የማታውቅ እናቴ፣ ሽማግሌዎቹ በፈረዱት መሠረት ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤት በተሰበሰበበት ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ፣ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች፤ ዳግም የሰው ተራ እንዳትጠልፍም ቃል ገባች። ድንጋዩን ያወረዱላት መምሬ ገብረሰንበት ናቸው። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ቆሜ ነበር።

፬. በማግስቱ መስመሩ እንደወትሮው ተንቀራፈፈ። በሽማግሌ ፊት የገባችውን ቃል አፈረሰች ተብላ ሰላምታ የሚነፍጓት በዙ። እሷም የኢንተርኔት መሣሪያውን ነቅላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ እኔም ትምህርቴን አቋረጥሁ። መስመሩ ግን ዛሬም አልፈጠነም። እናቴ እጇን ከሰበሰበች ወዲህ ማን እየጠለፈው እንደሆነ ቢያስረዱን ዕውቀት ይሆነናል።

ካሳ አልጠይቅዎትም፤ ፍጥነትም እንዲጨምሩልኝ አልለምንዎትም። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቦታ ተገኝተው፣ ለአንድ ቤት የሚበቃውን መስመር ለሰፈር ሙሉ እንደሸጡ በራስዎ አንደበት ይናገሩልን። ድንጋይ እንዲሸከሙ የሚያስገድድዎ የለም፤ ለእርስዎ እውነቱ ብቻውን ከበቂ በላይ ይከብዳል።

በሰጡን አገልግሎት ልክ ሳይሆን ባስከፈሉን ልክ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ጎረቤቶቿን ቀና ብላ ማየት የተሳናት ደንበኛዎ፣
ያምሮት ክንዱ
ቡሬ

ማስታወሻ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ እንዳላወጣው ለምናኝ ነበር፤ ልጆች ያሉትን ሰው በአገር ፊት ማሳፈር ነውር ነው ትላለች። ለእርስዎ ክብር እስከዚህ የተጨነቀ ሰው በሰፈራችን ከእርሷ ሌላ አልገጠመኝም።