ከእኔ በኋላ የፈሰሰው ገብስ

ለልጄ ለሰርክአዲስ፤

ጤናሽን እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የሐዋሳው ሙቀት፣ የፋብሪካው የሌሊት ተራ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድንቹን ውርጭ መታው እንጂ ገብሱ ተርፎልናል። በስልክ ልነግርሽ ስጀምር እናትሽ እየነጠቀችኝ ስላልሆነልኝ ጻፍኩልሽ።

ወፍጮ ቤቱን ተወው፣ ከእንጅባራ ዱቄት ግዙ ብለሻል። አልተውም። የቀጥቃጭ ዘር እህል ድንጋዩን ያረክሳል እየተባለ፣ እኔም አባቴም ከሰው ሁሉ በኋላ ሲመሽ ስንፈጭ ኖረናል። ከገና ወዲህ ግን ማልጄ ሄጄ ጆንያዬን በተራዬ አስቀምጣለሁ። ሊያልፉኝ ሲሞክሩ ጆንያው ላይ እቀመጣለሁ።

ባለ ወፍጮው ይኸነው፣ በዕድሜ ካንቺ የሚያንሰው፣ አንተ እያለ ነው የሚያናግረኝ። መላ አገኘሁ አለ። በተራህ ፍጭ፣ ካንተ በኋላ ግን አንድ ጣሳ ፍሩሽካ ይለፍበትና ድንጋዩ ይጥራ፣ ሰዉም ይስማማል አለኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀበል አሉ። ምንጭ ስትወርድ ሰላም የሚላት ያጣችው እናትሽም ተቀበል አለች። እኔ በፍሩሽካ የሚጠረግ ቆሻሻ አይደለሁም አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ፈጭቼ እንደጨረስኩ ይኸነው ጣሳውን አነሳ። ከኋላዬ የቆመችው ከእኛ በታች ያለችው መበለት እታለማሁ ነበረች። እጁን ገፋ አድርጋ፣ ለልጆቼ ገብስ እንጂ የከብት መኖ ልፈጭ አልመጣሁም፣ አፍስሰው አለችው። አንዱ ከወደ ኋላ፣ ማታ ሆድሽን ሲቆርጥሽ እንሰማለን አላት። ሆዴን የሚቆርጠኝስ ያንተ ወሬ ነው አለችው። ገብሷ ድንጋዩ ላይ በቀረው ገብሴ ላይ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አጣሁ። የሟች ባሏ ወንድም፣ ይህን ከደገምሽ በሬዎቼን ለእርሻ አታገኚም ብሏታል። በራሴ የመጣውን እችለዋለሁ፤ በሷ ሲመጣ ግን መዶሻውን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፣ ከደጅ እስከ አጥር እመላለሳለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ከኋላዬ አትቁሚ ልላት ቤቷ ሄድኩ። አባ ቢሻው፣ ተራዬን የሚሰጡኝም የሚነሱኝም እርስዎ አይደሉም ብላ መለሰችኝ። የባሏ ወንድም በሬውን ከነሳት ፈረሳችንን ከወንድምሽ ከመሳፍንት ፈረስ ጋር ጠምደን እናርስላታለን። ፍሩሽካውን ግን አልቀበልም፤ አንቺም የዱቄት መግዣ ብለሽ ብር እንዳትልኪ።

መሳፍንት ሰላም ይልሻል፤ ፈረሱን ሳልጠይቀው እሺ ብሏል። ሚስቱ ትዕግስትና ልጆቹ ሁሉ ይስሙሻል። እታለማሁም እንዴት ነሽ በልልኝ ብላለች። እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። የቅዳሜውን ጆንያ አፍ ሰፍታ ስታበቃ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ አለች። ቅሪ ብላት አልሰማችኝም።

አባትሽ ቢሻው
ዘንገና፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.