ሕመምን ሲጠይቁና ሲመዘግቡ የኖሩት የሲስተራችን የሕይወት ታሪክ

በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ ኅዳር 9 ተብሎ የታተመው የልደት ቀን ስህተት ነው። ያስተዋልነው ሽፋኑ ታትሞ ካለቀ በኋላ ነውና ይቅርታ አድርጉልን። ሲስተር ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከእናታቸው የተወለዱት ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ያለ ጊዜያቸው ስለተወለዱ እናታቸው "ልጄ አትተርፍም" ብለው ነበር፤ ሲስተር ግን ተረፉ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1997 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ፤ በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍልም ተቀጠሩ። በ2001 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌር ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞቹ የሆድ ካንሰር ሆዳቸው ላይ በሚበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በሚወጣላቸው ሕሙማን ላይ ጥናት ጀመሩ። ለግማሾቹ ቁስሉ አጠገብ ሆኖ ለሦስት ቀን ቀስ በቀስ የሚለቀቅ ማስታገሻ፣ ለቀሩት የተለመደው ይሰጥ ነበር። ሲስተር በየአራት ሰዓቱ ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አሥር እየጠየቁ ይመዘግቡ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አናጢ "ሁለት" ካሏቸው በኋላ፣ ሲስተር የረሱትን እስክሪብቶ ሊወስዱ ሲመለሱ ትራሱን ነክሰው አገኟቸው።

"ምነው አባባ?"

"እግርሽ እስኪያብጥ ስትሮጪ እያየሁ ዘጠኝ ብዬ ልጨምርብሽ?"

ሲስተር በዕለቱ ለዋናው ሐኪም ተናገሩ። ሌሎቹም ለሲስተር አዝነው ቁጥሩን ቀንሰው ሊሆን ስለሚችል የአርባ አንድ ሰው መዝገብ ተጣለ። ሐኪሙ "የዓመት ልፋታችንን ውኃ በላው" ብለው ሳምንት አኮረፏቸው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን የሚጠይቀው ሕሙማኑን የማያስታምም ሰው ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. ያው በሽታ ሲስተርን ያዘ። በዚያው ክፍል ታክመው በፈቃዳቸው ጥናቱ ውስጥ ገቡ። ጠያቂው ሲመጣ ግን እናታቸው አጠገባቸው ነበሩና "ሦስት" አሉ። እናታቸው ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ ጠያቂውን መልሰው ጠሩት።

"ሰርዘውና ስምንት በል። እማዬ ከሰማች ከእኔ በፊት እሷ ትሞትብኛለች።"

እናታቸው በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ የጠያቂውን ኮቴ ሲሰሙ፣ ማንም ሳይነግራቸው ወጥተው ኮሪደር ላይ ይቀመጡ ነበር።

በሽታው በ2016 ዓ.ም. አገርሽቶ ጉበታቸው ገባ። ቤት ሆነው የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሥራ ተራቸው ሲወጡ እየመጡ የማስታገሻ መርፌ ይወጓቸው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ባልደረባቸው ቁጥሩን ስትጠይቅ እናታቸው እንደ ልማዳቸው ተነሡ። ሲስተር ግን "እማዬ፣ አትውጪ" ብለው እጃቸውን ያዙና "ዘጠኝ" አሉ። እናታቸው ቁጭ ብለው ሰሙ፤ አልሞቱም።

ሲስተር ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በአሥር ሰዓት በ40 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እናታቸው ቀርተዋል። የጥናቱ ውጤት ገና ነው። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

በዚያች ምሽት የመጨረሻዋ ባልደረባ ከሄደች በኋላ፣ መርፌ ሊወጉ ለሚመጡት ሲባል ሁለት ወር ሳይቆለፍ ያደረውን የቤቱን በር ባለቤታቸው ቆለፉት።